የመርከቡን ጓዳ ጎድጓዳ ለማየት የትኛው የክሩዝ ጉብኝት ያዋጣል?

ክሩዝ ሄዶ የመጣ ሰው የሚያወራው ስለ ዋናው ገንዳ፣ ስለ ቡፌውና ስለ ደሴቱ ነው። መርከቡ ራሱ እንዴት ውሎ እንደሚያድር ግን ብዙዎቻችን ሳናይ እንወርዳለን። ሊፍቱ አጠገብ «ለሠራተኛ ብቻ» የሚል በር አለ። ከበሩ ጀርባ ሌላ ከተማ አለ። ያንን ከተማ ከፍሎ መጎብኘት ይቻላል፤ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ይሸጡታል። ዋጋው ቀላል አይደለም፣ የሚያሳዩትም እኩል አይደለም። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት አራቱን፣ ሮያል ካሪቢያንን፣ ካርኒቫልን፣ ፕሪንሰስንና ኖርዌጂያንን፣ ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ።

መጀመሪያ የራሴን አቋም ልናገር። ጉብኝቱ ብሪጁንና የሞተር መቆጣጠሪያ ክፍሉን ካላካተተ ገንዘባችሁን አታውጡ። ብሪጅ ማለት ካፒቴኑና መኮንኖቹ መርከቡን የሚመሩበት ክፍል ነው። ድሮ ተሳፋሪ በቀላሉ ጠይቆ ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ላይ ከደረሰው የሽብር ጥቃት በኋላ ግን በሩ ተዘጋ፤ ከጁላይ 1 ቀን 2004 ጀምሮ ደግሞ ዓለም አቀፉ የመርከብና የወደብ ጥበቃ ሕግ ሥራ ላይ ውሎ ነገሩ የባሰ ጠበቀ። አሁን ለተራ ተሳፋሪ ዋናው መግቢያ ይኸው የሚከፈልበት ጉብኝት ነው። ኩሽናውን ግን በሌላ መንገድ፣ አንዳንዴም በነጻ፣ ማየት ይቻላል። እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ከሮያል ካሪቢያን ልጀምር። የነሱ «ኦል አክሰስ ቱር» ይባላል። ብሪጅ፣ የሞተር መቆጣጠሪያ፣ ዋናው ኩሽና፣ የምግብ መጋዘኑ፣ ላውንደሪው፣ የቲያትሩ ጀርባ፣ ከዚያ የሠራተኛው መተላለፊያ። ሦስት ሰዓት ገደማ በእግር ነው። የካርኒቫሉ «ቢሃይንድ ዘ ፈን» ይባላል፤ መንገዱ ከዚህ ብዙም አይርቅም፣ እንደውም ሠራተኞቹ የሚሠለጥኑበትንና ስፖርት የሚሠሩበትን ቦታ ጭምር ያስገባል። በሚታየው ነገር ሁለቱን ማበላለጥ ይከብዳል። ልዩነታቸው ፎቶ ላይ ነው። ካርኒቫል ስልክና ካሜራ ይዛችሁ እንድትገቡ አይፈቅድም፤ የራሱ ፎቶ አንሺ ብሪጁ ላይ ያነሳችሁና ያንን ይሰጣችኋል። ሮያል ላይ የቱ ጋ ማንሳት እንደሚቻል አስጎብኚው ይነግራችኋል፣ በአጠቃላይም ላላ ያለ ነው። ለቤተሰብ የምታሳዩት ነገር ይዛችሁ መመለስ ከፈለጋችሁ ሮያል ይሻላል። እኔ ግን ስልክ አለመኖሩን ወድጄዋለሁ። ሁሉም ሰው መኮንኑን ያዳምጣል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ሠራተኛውም እንደ አራዊት ፎቶ አይነሳም።

ሮያልን የምታስቡ ከሆነ የመርከቡን መጠን እዩ። ኦኤሲስ ኦፍ ዘ ሲስ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲገባ ከ225 ሺህ ግሮስ ቶን በላይ ነበር፤ ግሮስ ቶን የመርከቡን የውስጥ ስፋት እንጂ ክብደቱን አይለካም። በጃንዋሪ 2024 ሥራ የጀመረው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ በአንድ ካቢን ሁለት ሰው ተብሎ ሲቆጠር 5,610 እንግዳ ይይዛል፤ ሠራተኛው ብቻ 2,350 ነው። ይህን ሁሉ ሕዝብ በቀን ሦስቴ ማብላት ምን እንደሚመስል ኩሽናው ውስጥ ስትቆሙ ነው የሚገባችሁ። ምድጃው በሙሉ በኤሌክትሪክ ነው፤ መርከብ ላይ ከእሳት የባሰ ጠላት ስለሌለ ነበልባል የሚባል ነገር የለም። ዓሣው፣ ሥጋውና አትክልቱ ለየብቻ ክፍል አላቸው። ጋጋሪዎቹ እናንተ ስትተኙ ይገባሉ።

ከሁሉም በላይ ግን እኔን የያዘኝ መተላለፊያው ነው። በብዙ መርከቦች ላይ ሠራተኞቹ «አይ-95» ይሉታል፤ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ለምትሳፈሩ፣ አዎ፣ በዚያው በምታውቁት አውራ ጎዳና ስም ነው። ከመርከቡ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ረጅም ኮሪደር ነው። ምንጣፍ የለውም። ጋሪ ይገፋል፣ አንሶላ ይጓዛል፣ ሳጥን ይከመራል፣ የግድግዳው ሰሌዳ ላይ የሥራ ፈረቃና የልደት ቀን ተለጥፏል፣ በመሃሉ ቁርስ ላይ ቡና የቀዳላችሁ ልጅ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ ወደ ምሳው ሲሮጥ ታዩታላችሁ። ካቢን የሚያጸዱትና ምግብ የሚያቀርቡት ልጆች ኮንትራታቸው ብዙ ጊዜ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ነው፤ እስኪያልቅ ሰባቱንም ቀን ይሠራሉ። ቤተሰቡን ትቶ አረብ አገር የሠራ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ኮሪደር በተለየ ዓይን ነው የሚያየው። ለእኔ የጉብኝቱ ግማሽ ዋጋ እዚህ ነው። ኮሪደሩን በሊፍት አቋርጦ የሚያልፍ አጭር ጉብኝት ካጋጠማችሁ ርካሽ ቢሆንም አልመክርም።

ስለ ሞተሩ አንድ ነገር ቀድማችሁ እወቁ። የምትገቡት ሞተሩ ያለበት ክፍል አይደለም። መቆጣጠሪያው ውስጥ ነው፤ ስክሪን፣ መብራት፣ መለኪያ። ጩኸትና ዘይት የጠበቀ ሰው ቅር ሊለው ይችላል። ግን ጠይቁ። ኦኤሲስ ላይ ስድስት የናፍጣ ሞተሮች አሉ፤ አንድ ላይ ከ90 ሜጋ ዋት በላይ ያመነጫሉ። የቆቃ ግድብ 43 ሜጋ ዋት ገደማ መሆኑን ስታስቡ መርከቡ ሁለት ቆቃ ተሸክሞ እንደሚሄድ ይገባችኋል። ሞተሮቹ ኤሌክትሪክ ያመርታሉ፤ ኤሌክትሪኩ ደግሞ ከመርከቡ ሆድ ሥር የተንጠለጠሉ ሦስት አዚፖዶችን፣ ማለትም መርከቡን የሚገፉ ፕሮፔለር ያላቸው ሞተሮችን፣ ያንቀሳቅሳል። እያንዳንዳቸው 20 ሜጋ ዋት ናቸው። ዙሪያውን ስለሚዞሩ መሪ የሚባለው የኋላ ክንፍ አያስፈልግም። ባሕር ዳር የባሕር አካዳሚ የሚማር ልጅ ወይም ወንድም ያላችሁ ደግሞ ይህን ክፍል ብቻ ለማየት ብትከፍሉም አይቆጫችሁም። እዚያ የሚቀመጠው መሐንዲስ የሚሠራው እነሱ የሚማሩትን ነው።

ፕሪንሰስ ሌላ ዓይነት ነው። «አልቲሜት ሺፕ ቱር» ይሉታል። ለረጅም ጊዜ 150 ዶላር ነበር የሚያስከፍሉት። በጥቂት ሰው ነው የሚሄደው፤ በየቦታው የክፍሉ ኃላፊ ራሱ ቆሞ ያስረዳል። ሌሎቹ የማያሳዩትን ያክላል። ክሊኒኩ አለ፣ ማተሚያ ቤቱ አለ፣ ከፊት መልህቁና ገመዱ የሚጎተትበት ዴክ አለ። መልህቁ ጋ ስትቆሙ የእያንዳንዱ ሰንሰለት ቀለበት ውፍረት ያስደነግጣል። ስጦታም ይሰጣሉ፤ ጋዋን፣ ስማችሁ የታተመበት የደብዳቤ ወረቀት፣ ከካፒቴኑ ጋር የተነሳችሁት ፎቶ። አንዳንዱ ሰው ስጦታውን እያሰበ ይገዛል። እኔ በጋዋን ምክንያት ግዙ አልልም። በክሊኒኩና በመልህቁ ምክንያት ግን እላለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ከፍዬ ሁሉንም ልይ የሚል ሰው ካለ፣ ምርጫው ይህ ነው።

ኖርዌጂያን ላይ ተጠንቀቁ። የነሱ ጉብኝት ከመርከብ መርከብ በጣም ይለያያል፤ ኩሽና፣ ላውንደሪና ቲያትር አሳይቶ ብሪጁን የሚዘል አለ። ስለዚህ ሳትጠይቁ አትክፈሉ። ሁለት ጥሩ ነገር ግን አላቸው። ደጋግመው ተጉዘው ከፍ ያለ ደረጃ ላይ የደረሱ ደንበኞች ጉብኝቱን በነጻ ያገኛሉ። ሌላው፣ በአንዳንድ መርከቦቻቸው ላይ ከብሪጁ ጀርባ በመስታወት የሚታይበት ክፍል አለ፤ ማንም ተሳፋሪ ሳይከፍል ቆሞ መኮንኖቹን ሲሠሩ ያያል። ለልጆች ይበቃል።

ኩሽናውን ብቻ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ 100 ዶላር አታውጡ። ፕሪንሰስ ላይ ሼፉ ቲያትር ቤት ውስጥ ምግብ እየሠራ ካሳየ በኋላ ታዳሚውን በኩሽናው የሚያሳልፍበት ፕሮግራም አለ። ሆላንድ አሜሪካም የኩሽና ጉብኝት ሲያደርግ ቆይቷል። የእነዚህን ሰዓት ከዕለቱ ፕሮግራም ላይ ፈልጉ። ካርኒቫል ላይ «ሼፍስ ቴብል» የሚባለው የእራት ግብዣ የሚጀምረው ኩሽናው ውስጥ ነው፤ ይከፈልበታል፣ ግን እራቱም አለበት። በጾም ወቅት የምትሄዱ አስቀድማችሁ አስታውቁ፤ የምግቡ ዝርዝር ቀድሞ የተወሰነ ነው።

አንድ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ኩባንያውን አልጠራም። ከፍዬ፣ በጠዋት ተነስቼ፣ ኩሽናውንና ላውንደሪውን ጨርሰን ወደ ብሪጁ ስንወጣ ጉም ወርዶ ነበርና ካፒቴኑ ማንም እንዳይገባ አዘዘ። ትእዛዙ ልክ ነው፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም አላስገባም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ገንዘብ መመለስ የለም ተባልኩ፤ የፈረምኩት ቅጽ ላይ የጉብኝት ቦታዎቹ ሊቀየሩ ይችላሉ የሚል መስመር ነበረበት። እኔ ሳላነብ ነው የፈረምኩት። እናንተ አንብቡት፤ ብሪጁ ቢቀር በሌላ ቀን ይወስዱን እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ረዘም ያለ ጉዞ፣ ባሕር ላይ የሚዋልበት ቀን የበዛበት፣ ለዚህ የተሻለ ዕድል ይሰጣል።

ሌላው ቀላል ነው። ሽፍን ጫማ አድርጉ፤ በሰንደልና በታኮ አያስገቡም። መታወቂያ ያዙ፣ ይፈትሿችኋል። ደረጃ ብዙ ስለሆነ ጉልበታቸው የሚያስቸግራቸውን እናትና አባት ይዛችሁ አትግቡ። የዕድሜ ገደብ ስላለ ትንንሽ ልጆች ያላችሁም ቀድማችሁ ጠይቁ።

እንግዲህ ከየት ነው የምትሳፈሩት? ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ባልቲሞር ይቀርባችኋል፤ ከዚያ በአብዛኛው የሚነሱት ሮያልና ካርኒቫል ናቸው። ፎቶ ከፈለጋችሁ ሮያል፣ ካልሆነ በዕለቱ የረከሰውን ውሰዱ፤ አይቆጫችሁም። ሲያትል ያላችሁ በአሜሪካው በጋ (ሰመር) ወደ አላስካ ስትሄዱ ፕሪንሰስ ደጃችሁ ላይ ነው፤ እዚያ ከሆናችሁ ሌላ አትፈልጉ። ዳላስና ሂውስተን ያላችሁ ከጋልቬስተን ሮያልንና ካርኒቫልን ታገኛላችሁ። የትም ብትሳፈሩ ቦታው ጥቂት ነውና ከጉዞው በፊት አፑ ላይ ፈልጉ። እዚያ ካጣችሁት፣ በመጀመሪያው ቀን ሻንጣችሁን ካቢን እንዳስገባችሁ፣ ምሳ ሳትበሉ የእንግዳ መቀበያው ጋ ሂዱና ስማችሁን አስመዝግቡ።