ስሙ 1050 ቲአይ፣ ቺፑ የ2010፦ ለእረፍት መጥቼ የተገለገልኩባቸው ሁለት የኮምፒውተር ቤቶች

ፍርዱን ላስቀድም። ግራፊክስ ካርዱን የሸጠልን ሱቅ ከአምስት አንድ ኮከብ ያገኛል፣ እሷንም ስልክ ስለሚያነሱ ነው። ያንን ካርድ ነቅሎ ትክክለኛውን የገጠመልን የጥገና ቤት አምስት ከአምስት። ስማቸውን አልጽፍም። እንዲህ ያለ ሱቅ አንድ ብቻ ስላልሆነ አሠራሩን ብታውቁት ይሻላል።

ኮምፒውተሩ ታናናሾቼ የሚጠቀሙበት፣ ከቢሮ አገልግሎት የወጣ የ2014 ዴስክቶፕ ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፦ ኢንቴል ኮር አይ5-4590፣ 8 ጊጋ ራም፣ ኤስኤስዲ የገባለት፣ 290 ዋት ፓወር ሰፕላይ። ለሱቁ የተነገረው «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ 4 ጊጋ፣ ከፓወር ሰፕላይ የተለየ ኬብል የማይፈልግ» የሚል ነው። ምርጫው ለዚህ ማሽን ልክ ነው። ካርዱ የሚሰካበት የፒሲአይ ኤክስፕረስ ስሎት ብቻውን እስከ 75 ዋት ይሰጣል፣ ኦርጅናሉ 1050 ቲአይም ከዚያ አያልፍም። የቢሮ ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የግራፊክስ ካርድ ኬብል የለውም።

«ነገ ይደርሳል» ተባለ። ነገው ዘጠኝ ቀን ሆነ። ለሦስት ሳምንት ለመጣ ሰው ዘጠኝ ቀን የእረፍቱ ግማሽ ሊሆን ምንም አይቀረው። በየጠዋቱ ሲደወል «መንገድ ላይ ነው» የሚል መልስ ይመጣል፤ ካርድ እንደ ሰው በእግሩ የሚመጣ ይመስል። ቀብድ ስለተከፈለ ሌላ ቦታ ሄዶ መግዛትም አይቻልም። ቸኩሎ የሚሄድ ደንበኛ መሆናችሁን ሲያውቁ ደግሞ መዘግየቱ ራሱ ለእነሱ ይጠቅማል፦ ዕቃው ሲመጣ ለመፈተሽ ጊዜ የላችሁም።

ዘጠነኛው ቀን ላይ የመጣው ካርድ ሦስት ማውጫ ነበረው፦ ቪጂኤ፣ ዲቪአይና ኤችዲኤምአይ። ነገሩ እዚያው ማለቅ ነበረበት። የቺፑ አምራች ኤንቪዲያ፣ 1050 ቲአይ ካለበት ከ10ኛው ተከታታይ ጀምሮ፣ አናሎግ ምስል (ቪጂኤ የሚጠቀመውን) የማውጣት ችሎታን ከቺፑ አንስቶታል፤ 1050 ቲአይ ላይ ዲቪአይ ቢኖርም ዲጂታል ብቻ ነው። ቪጂኤ ያለበት «1050 ቲአይ» ካያችሁ ወይ አምራቹ መቀየሪያ ቺፕ ጨምሮበታል፣ ወይ ካርዱ ሌላ ነው። ሁለተኛውን ጠርጥሩ። «ለአሮጌ ሞኒተር እንዲመች ታስቦ ነው» የሚለው የሻጩ ማብራሪያ ውሃ አያነሳም።

ከላይ በኩል ደግሞ ባለ 6 ፒን የኃይል ሶኬት አለው። «ይሄኛው ጠንካራው ሞዴል ነው» ተባለ። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ባለ 6 ፒን የሆኑ ኦርጅናል 1050 ቲአይ ካርዶችም አሉ። ግን የታዘዘው ያለ ኬብል የሚሠራ ነበር። የሱቁ ልጅ መፍትሔ ብሎ ያመጣው ከሳታ (ዲስክ ኃይል ከሚያገኝበት ማያያዣ) ወደ 6 ፒን የሚቀይር ኬብል ነው። ይህን ኬብል በማንም እጅ ብታዩት አታስገጥሙ። የሳታ ኃይል ማያያዣ ለ12 ቮልት ሦስት እግር አለው፤ እያንዳንዱ እግር 1.5 አምፔር፣ በድምሩ 4.5 አምፔር፣ በ12 ሲባዛ 54 ዋት። ባለ 6 ፒኑ ሶኬት ግን እስከ 75 ዋት እንዲስብ የተፈቀደለት ነው። ካርዱ ሥራ ሲበዛበት ልዩነቱ በሙቀት ይወጣል፤ መጀመሪያ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ይቀልጣል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ዓይን ያወጣው። ካርዱ በሱቁ ሲዲ ላይ ባለው ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ምስል ያሳያል። ከኤንቪዲያ የወረደው አዲስ ድራይቨር ሲጫን ስክሪኑ ይጠፋል፣ ኮምፒውተሩ ተነስቶ ሲገባ የዊንዶውስ ዲቫይስ ማኔጀር ካርዱ ላይ «ኮድ 43» የሚል የስሕተት መልእክት ይጽፋል። ሱቁ «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል» ብሎ ፎርማት አደረገና አስከፈለ። ዲስኩ ላይ ያለው ፋይል ወጥቶ እንደሆነ የጠየቀ የለም። ችግሩ ሲደገም «ልዩ ድራይቨር ያስፈልገዋል» ተብሎ ሌላ ክፍያ። ሦስተኛ ጊዜ ላይ «ፓወር ሰፕላዩ ስላነሰ ነው፣ እኛ ጋ አለ» መጣ። በአንድ ፎርጅድ ካርድ ሦስት ሒሳብ። አውሮፓ ውስጥ በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይጠየቅ ይመለሳል፤ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ለምዶ ሲመጣ ደረሰኝ ላይ «ዕቃና ግራፊክስ» ብቻ ተጽፎ ሲሰጠው ዝም ብሎ ኪሱ ይከታል። ስሕተቱ እዚያ ላይ ነው። የካርዱ ሙሉ ስም፣ የሚሞሪው መጠንና ዓይነት፣ የሲሪያል ቁጥሩ ያልሰፈረበት ደረሰኝ ክርክር ሲነሳ ምንም አይረዳም። የሦስት ወር ዋስትናውም አውሮፕላን ለሚጠብቅ ሰው ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ካርዱ ምን ነበር? ጂቲኤስ 450። በ2010 የወጣ፣ 192 ኮር (የማስሊያ ክፍል) ያለው፣ በ40 ናኖሜትር የተሠራ (ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር አሠራሩ አዲስ ነው)፣ 1 ጊጋ ሚሞሪ የተሸከመ። ኦርጅናሉ 1050 ቲአይ የ2016 ነው፤ 768 ኮር፣ 14 ናኖሜትር፣ 4 ጊጋ። አታላዮቹ የአሮጌውን ካርድ ባዮስ (ካርዱ ማንነቱን የሚናገርበትን ውስጣዊ ፕሮግራም) ቀይረው ጽፈው ስሙንና የሚሞሪ መጠኑን እንዲዋሽ ያደርጉታል፣ አዲስ ሽፋንና ፋን ይለጥፉበታል። ዊንዶውስ የሚያነበው ባዮሱ የነገረውን ስለሆነ 4 ጊጋ ብሎ ያሳያል። እውነተኛው 1 ጊጋ ሲሞላ ግን ጌሙ ይዘጋል፣ ወይ ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ነጠብጣብ ይረጫል። ድራይቨሩም እንደዚያው ነው፦ ለዚህ ቺፕ ኤንቪዲያ የመጨረሻውን ድራይቨር ያወጣው በ2018 ሲሆን፣ አዲሱ ድራይቨር በስሙ አምኖ ሲያናግረው ቺፑ አይመልስለትም። ኮድ 43 የመጣው ከዚህ ነው። ፎርማት አድርጎ የሚድን ነገር የለም።

የጥገና ቤቱ ይህን ሁሉ ያወቀው አምስት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ ነው። ባለሙያው ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን፣ የካርድን ማንነት የሚያነብ ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዞ ሰካ። ይህ ፕሮግራም ከ2018 ወዲህ እንዲህ ያሉ ካርዶችን ሲያገኝ ስማቸው ፊት «ሐሰተኛ» የሚል ቃል በእንግሊዝኛ ይጽፋል። ያን ባይጽፍ እንኳ የኮሩን ብዛትና የናኖሜትሩን ቁጥር ከአምራቹ መግለጫ ጋር ማስተያየት ይበቃል። ቀጥሎ የጠየቀው «ለምንድን ነው የምትፈልጉት?» የሚል ነበር። ሱቁ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያልጠየቀው ጥያቄ። ለጽሑፍና ለፊልም ብቻ ቢሆን ኖሮ ከፕሮሰሰሩ ጋር የመጣው ግራፊክስ ይበቃችኋል ሊል እንደነበር ነገረን፤ ሥራ የሚያሳጣውን ምክር በነፃ የሚሰጥ ሰው ነው። ቀላል ጌምና ቪዲዮ ማቀናበር ሲባል ኬዙን ከፈተ፣ ከኋላ ብረቱ እስከ ሃርድ ዲስክ ማስቀመጫው ያለውን ርቀት በሜትር ለካ፣ የፓወር ሰፕላዩን ተለጣፊ ጽሑፍ አነበበ።

ያ ተለጣፊ ላይ መታየት ያለበት ትልቁ የዋት ቁጥር ሳይሆን የ12 ቮልቱ አምፔር ነው። ለምሳሌ 18 አምፔር ቢል 216 ዋት ማለት ነው። ከዚያ ላይ ፕሮሰሰሩ 84፣ ካርዱ 75፣ ዲስክ፣ ፋንና የቀረው 40 ገደማ ይወስዳሉ። ይበቃል፣ ግን ትርፍ የለውም። ስለዚህ «አርኤክስ 580 በርካሽ አለ» የሚለውን ግብዣ እንዲህ ላለ ማሽን እርሱት፤ ይህ የኤኤምዲ ካርድ ብቻውን 185 ዋት ነው። በዚያ ላይ 2048ኤስፒ የሚል ቅጥያ ያለው 580 በውስጡ 570 ነው፤ ከ2304 ፋንታ 2048 ኮር።

የተገጠመው ያገለገለ ጂቲኤክስ 1650 ነው፣ ባለ 4 ጊጋ፣ ያለ ኃይል ሶኬት። የ1650 ስም ሁለት ሚሞሪ ይሸፍናል፦ ጂዲዲአር5 ያለው በሰከንድ 128 ጊጋባይት ያስተላልፋል፣ ጂዲዲአር6 ያለው 192። ሁለተኛው ይፈጥናል፣ ግን ብዙዎቹ 6 ፒን ይፈልጋሉ። 1050 ቲአይ ያልተመረጠበት ምክንያትም አለ፦ ኤንቪዲያ ለዚያ ትውልድ መደበኛ ድራይቨር ማውጣቱን በጥቅምት 2025 አቁሟል፤ እስከ 2028 የሚቀጥለው የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ ነው። ርካሽ ካላገኛችሁት በቀር አትድከሙ።

ሌሎቹን አማራጮች ባለሙያው እንዲህ አስቀመጣቸው፣ እኔም እስማማለሁ። አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋው 70 ዋት ብቻ ስለሆነ ካገኛችሁት ከሁሉም ይሻላል። ባለ 8 ጊጋው ግን 130 ዋት ነው፣ ኬብል ይፈልጋል፤ ሻጭ «ሚሞሪው በዝቶላችኋል» ቢል አትደሰቱ። አርኤክስ 6400 ትንሽና 53 ዋት ቢሆንም ከስሎቱ የመረጃ መስመሮች የሚጠቀመው አራቱን ብቻ ነው። አዲስ ማዘርቦርድ ላይ ጉዳቱ አይሰማም፣ አሮጌ ላይ ግን የመስመሩ ፍጥነት ስለሚወርድ ሚሞሪው በሞላ ቁጥር ይንገዳገዳል፤ ቪዲዮ የሚያመቅ ክፍልም የለውም። ኢንቴል አርክ ኤ380 ሪሳይዘብል ባር የሚባል ቅንብር ከሌለ ፍጥነቱ በጣም ይወርዳል፣ የ2014 ማዘርቦርድ ደግሞ ይህ የለውም። ጂቲ 1030 ቪዲዮ ለማየት ደህና ነው፣ ግን እሱም በአንድ ስም ሁለት ነው፦ ጂዲዲአር5 የሆነው በሰከንድ 48 ጊጋባይት፣ ዲዲአር4 የሆነው ወደ 17። ካርቶኑ ላይ ያለችውን ትንሿን ጽሑፍ ሳታነቡ አትክፈሉ።

ካርዱ ከመከፈሉ በፊት እዚያው ፊታችን ተፈተነ። አሮጌው ድራይቨር ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ ተከፍቶ ዲዲዩ በሚባል የድራይቨር ማጥፊያ ፕሮግራም ተጠረገ፣ አዲሱ ተጫነ። ከዚያ ካርዱን በሙሉ ኃይሉ የሚያሠራው የመፈተኛ ፕሮግራም፣ ፈርማርክ፣ ለ15 ደቂቃ። ሙቀቱ 71 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ቆመ። ከ85 አልፎ መውጣቱን የሚቀጥል ያገለገለ ካርድ ቢያንስ ፔስቱ (የቺፑን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈው ቅባት) ደርቋል ማለት ነው። ጂፒዩ-ዚ ላይ የስሎቱ ፍጥነት ሥራ በሌለበት 1.1 ብሎ ስታዩ አትደንግጡ፤ ካርዱ ኃይል ሲቆጥብ ነው፣ አጠገቡ ያለችውን የጥያቄ ምልክት ተጭናችሁ ስታሠሩት ወደ 3.0 መውጣት አለበት። ደረሰኙ ላይ ሲሪያል ቁጥሩ ተጻፈ። የተከፈለው የካርዱ ዋጋና የመግጠሚያ ብቻ ነው።

አንድ ቅሬታ አለኝ፦ ሞኒተራችን ቪጂኤ ብቻ መሆኑን አስቀድሞ አላየም። ተራው ከዲቪአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይረው ጫፍ ለአዲስ ካርድ አይሠራም፤ ውስጡ ቺፕ ያለው፣ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ያስፈልጋል። እሱን ለማምጣት አንድ ሰዓት ጠፋ። ቢሆንም ይቅርታ ጠየቀ፣ መቀየሪያውን አላስከፈለም።

ካርድ ከውጭ ይዛችሁ ለምትመጡ፦ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቤት ያለ ሰው አራት ፎቶ ይላክላችሁ። የጎን ክዳኑ ተከፍቶ ውስጡ፣ የፓወር ሰፕላዩ ተለጣፊ፣ የሞኒተሩ ጀርባ፣ የኬዙ ጀርባ ከማስመሪያ ጋር። ኬዙ ቀጭን ከሆነ አጭር ብረት ያለው ካርድ ብቻ ነው የሚገባው፣ ረጅሙን ብረት ቆርጦ ማስገባት የሚባል ነገር አይሞከር። ከ2012 በፊት የወጣ ማዘርቦርድ ከሆነ አዲስ ካርድ ሲሰካበት ጨርሶ ላይነሳ ይችላል፤ መጀመሪያ የማዘርቦርዱ ባዮስ ይታደስ፣ ያ ካልረዳ ካርዱ ላይ ጥፋት አትፈልጉ። ካርዱን ስታቲክ በሚከላከለው ከረጢቱ አድርጋችሁ በእጅ ሻንጣ ያዙት። ተገጥሞ ምስል አልወጣም ብለው ሲደውሉላችሁ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ የሞኒተሩ ኬብል ካርዱ ላይ ነው ወይስ ማዘርቦርዱ ላይ የቀረው የሚል ይሁን። ግማሹ ጥሪ እዚያ ላይ ያልቃል።

ሱቁ፣ የጂፒዩ-ዚው ፎቶ ከታየና ድምፅ ከፍ ካለ በኋላ፣ የካርዱን ዋጋ መልሷል። የፎርማቱንና የ«ልዩ ድራይቨሩን» ግን «ሥራው ተሠርቷል» ብሎ አስቀርቶታል። የሳታውን ኬብልም መልሱልን ብለው ነበር፤ ለሌላ ደንበኛ እንዳይገጥሙት አልመለስንም።