ጥቁሩን ፊደል ለአራት ቀለም የሚያከፋፍል መቀየሪያ

ደብረ ብርሃን ላይ የጽሕፈትና የኅትመት ሱቅ አለኝ። የሠርግ፣ የክርስትናና የምረቃ ጥሪ ካርዶች በወርድ ቴምፕሌት ተዘጋጅተው ይቀመጣሉ፤ ደንበኛ ሲመጣ ስም፣ ቀንና ቦታ ብቻ ይቀየራል። አዲስ አበባ ያለው ማተሚያ ቤት ግን የሚፈልገው በሲኤምዋይኬ፣ ማለትም በማተሚያው አራት ቀለሞች፣ የተዘጋጀ ምስል ነው። ቴምፕሌቱን ወደዚህ ዓይነት ምስል የሚቀይረውን ይህን ፕሮግራም ገዝቼ ወራት የተጠቀምኩበት ለዚሁ ነው። ፈጣን ነው፣ የቆየውንም አዲሱንም የቴምፕሌት ዓይነት ይከፍታል፣ የግዕዝ ፊደል አያበላሽም። ምስጋናዬ እዚህ ላይ ያበቃል።

ጥር ሲገባ፣ የሠርግ ሥራ በተደራረበበት ሰሞን፣ ከመሐል ሜዳ የመጡ የሙሽራ አባት ካርዳቸውን ተረክበው ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጉት። «ልጄ፣ ጽሑፉ ጥላ አለው ወይስ ዓይኔ ነው?» አሉኝ። ዓይናቸው ደኅና ነበር። በአጉሊ መነጽር ሳየው የእያንዳንዱ ፊደል አንድ ጠርዝ ሰማያዊ፣ ሌላው ጠርዝ ቀይ ሆኗል። የ«ሜ» ቀለበት ተደፍኗል፤ «ኘ» ከ«ነ» የሚለይበት ሰረዝም ከታች ካለው እግር ጋር ተለውሷል። በልጃቸው ሠርግ ካርድ ላይ!

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኮምፒውተር ላይ ጥቁር ማለት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ሦስቱም ዜሮ ሲሆኑ ነው። ማተሚያው ግን ሳያን (ፈዛዛ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ሐምራዊ ቀይ)፣ ቢጫና ጥቁር ቀለም አለው፤ ለእያንዳንዱም የራሱ ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) አለው። ለትንሽ ጽሑፍ ጥቁሩ ቀለም ብቻውን በቂ ነው። ይህ ፕሮግራም ግን ጥቁሩን ፊደል ከአራቱም ቀለሞች ይቀላቅለዋል። አራቱ ፕሌቶች በፀጉር ስፋት እንኳ ሳይገጥሙ ሲቀሩ ቀጭን ፊደል ዳር ዳሩ ቀለም ያወጣል። በዚያ ላይ አንድ ቦታ ላይ የተደራረበ ቀለም ቶሎ ስለማይደርቅ የላይኛውን ካርድ ጀርባ ያቆሽሻል።

ሻጩ በስልክ «ስክሪን ላይ እኮ ጥቁር ነው» አለኝ። ሙሽሮቹ ስክሪን አላዘዙም፤ ያዘዙት ካርድ ነው። ቀጥሎ «ጥራቱን ከፍ አድርገህ ቀይረው» አለኝ። አንድ ኤፎር ገጽ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 2480 በ3508 ፒክስል ነው፤ በአራት ቀለም ሳይታመቅ 35 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። በ600 ሲሆን 139 ሜጋባይት ይደርሳል። ይህን ሁሉ በኢንተርኔት ልኬ የማገኘው ያንኑ የተከፋፈለ ጥቁር በበለጠ ጥራት ነው።

«በኋላ በሌላ ፕሮግራም አስተካክለው» የሚለውንም ምክር አልቀበልም። ከጽሑፉ ጀርባ የሙሽሮቹ ፎቶግራፍ ካለ የፎቶው ጨለማ ክፍል አራቱን ቀለም ይፈልጋል፣ ፊደሉ ግን ጥቁሩን ብቻ። ፋይሉ ቴምፕሌት ሳለ ፊደሉ ፊደል፣ ፎቶውም ፎቶ መሆኑ ይታወቃል። ምስል ከሆነ በኋላ ሁሉም ነጥብ ነው፤ የሙሽራው ጥቁር ኮትና የስሙ ፊደል አይለዩም። ሁለቱን ለይቶ ለማስተናገድ ያለው ዕድል ቅየራው የሚደረግባት ቅጽበት ብቻ ናት፤ ገንዘብ የከፈልኩትም ለእርሷ ነበር። «ጥቁር ጽሑፍን በጥቁር ቀለም ብቻ አስቀር» የሚል አንድ ምርጫ ቢኖረው ኖሮ ዛሬ አሞግሰው ነበር።

በመግዛቴ እቆጫለሁ። ለጥቁርና ነጭ ማስታወቂያ እጠቀምበታለሁ፣ የሰው ሠርግ ግን ዳግመኛ አላስነካውም። ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት በፎቶ ላይ ትንሽ ጥቁር ጽሑፍ ያለበት ቴምፕሌት ይዛችሁ ሂዱና ሻጩ ፊታችሁ ይቀይረው። ከዚያ አራቱን ቀለሞች ለየብቻ ያስከፍታችሁ። ፊደሉ በሳያኑ፣ በማጀንታውና በቢጫው ላይም ከታየ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።