ወደ ሐረር ለመብረር፦ ድሬዳዋ ይሻላል ወይስ ጅግጅጋ?

ሐረር የራሷ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ከአዲስ አበባ በአየር የሚመጣ ሰው ወይ ድሬዳዋ ያርፋል ወይ ጅግጅጋ። ብዙ ሰው የበረራውን ርቀት ብቻ አይቶ ትኬት ይቆርጣል። ጊዜ የሚበላው ግን ካረፉ በኋላ ያለው መንገድ ነው።

ከቦሌ ድሬዳዋ በቀጥታ መስመር 343 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጅግጅጋ ደግሞ ወደ 450 ይጠጋል። መቶ ኪሎ ሜትር ብዙ ይመስላል እንጂ አየር ላይ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ኪው 400 የሚባለው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። በዚህ ሂሳብ ድሬዳዋ የግማሽ ሰዓት መንገድ መሆን ነበረባት። ግን አውሮፕላኑ ከፍታ እስኪይዝ፣ ለማረፍም ዝቅ እስኪል ቀስ ይላል፤ መንደርደሪያው ላይ ተራ መጠበቅም አለ። ትኬቱ አንድ ሰዓት አካባቢ የሚለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መሬቱ እንውረድ። ከድሬዳዋ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጅግጅጋ 100 ገደማ። የድሬዳዋ ማረፊያ ለከተማው ቅርብ ስለሆነ ባጃጅ ይዞ መናኸሪያ መድረስ ቀላል ነው። ከዚያ በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት መውጣት ነው። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። ጠመዝማዛው ብዙ ነው፤ መኪና የሚያቅለሸልሸው ሰው ቶሎ ደርሶ የፊት ወንበር ይያዝ። ሐረማያን አልፋችሁ አወዳይ ስትደርሱ የጫት ገበያው ከደመቀ መንገዱ ይጨናነቃል። ስለዚህ አንድ ሰዓት ተኩል ያዙለት።

ሐረር ከተማ ለሚገባ ሰው ያለማመንታት ድሬዳዋን እመክራለሁ። ጅግጅጋን የምመርጠው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ መድረሻችሁ ባቢሌ ከሆነ፤ ባቢሌ በሐረርና በጅግጅጋ መሀል ስለሆነች ከዚያ በኩል ትቀርባለች። ሁለተኛ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል ሲሆን። ያን ሰሞን ምእመናኑ ከየአገሩ ስለሚተም የድሬዳዋ ትኬት ቶሎ ያልቃል። ቀድማችሁ ካልቆረጣችሁ ጅግጅጋ ታወጣችኋለች።

አውቶቡስስ? ከአዲስ አበባ ሐረር በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊት ተነስቶ ቀኑን ሙሉ መሄድ ነው። በአውሮፕላን ግን ቦሌ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ብትገኙ እንኳ፣ ሻንጣ መጠበቁና ሚኒባሱ ተደምሮ አምስት ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው። ዕቃ የበዛበት ወይም ገንዘብ የሚቆጥብ ሰው አውቶቡሱን ቢመርጥ አልፈርድበትም። ባቡሩ ሐረር አይደርስም፤ ድሬዳዋ ወርዳችሁ ያው ደንገጎን ትወጣላችሁ።

ከተቻለ የጠዋት በረራ ያዙ። አመሻሽ ላይ ከደረሳችሁ ደንገጎን በጨለማ ከመውጣት ድሬዳዋ ማደር ይሻላል። ሰዓቱንም አስተውሉ፤ ትኬት የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 07:00 ካለ ጠዋት 1 ሰዓት ነው፣ 13:00 ካለ ደግሞ ቀን 7 ሰዓት።