የወረቀት ካርድ ወይስ ኮምፒውተር?

ባለፈው እናቴን መሃል አዲስ አበባ ወዳለ አንድ ሆስፒታል ወሰድኳት። ካርድ ክፍል ሁለት ሰዓት ቆመን «ካርዱ ጠፍቷል፣ አዲስ አውጡ» ተባልን። የስድስት ዓመት የስኳር ክትትሏ፣ ያልተስማማት መድኃኒት ሳይቀር፣ ከዚያች ካርድ ጋር ቀረ። ኮምፒውተር ላይ ቢመዘገብ ኖሮ ሐኪሙ ቁጥሯን አስገብቶ ወዲያው ያየው ነበር።

እርግጥ ወረቀት መብራት ሲጠፋም ይነበባል። ኮምፒውተሩ ጄኔሬተርና መጠባበቂያ ቅጂ ይፈልጋል። ቢሆንም እኔ ኮምፒውተሩን እመርጣለሁ።

የሕክምና ተማሪዎችን ለማስተማርም ይሻላል። መስኮት ላይ የተያዘ የራጅ ፊልም ሁለት ሦስት ተማሪ ቢያየው ነው፤ ስክሪን ላይ ግን ክፍሉ በሙሉ ያየዋል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እኮ በ1999 ዓ.ም. በቴሌሜዲሲን፣ ማለትም ከርቀት በኮምፒውተር በሚደረግ ሕክምና፣ ከህንድ ሐኪሞች ጋር ተገናኝቷል። የእናቴ ካርድ ደግሞ ከካርድ ክፍል ሐኪሙ ጋ መድረስ አቃተው።