ለስኮፕ ትራይፖድ ልትገዙ ነው? «15 ኪሎ ይሸከማል» የሚለውን አትመኑ

ወፍ የምታዩ፣ ወይም እንደ እኔ ቱሪስት ይዛችሁ የምትዞሩ፣ ይህ ጽሁፍ ለእናንተ ነው። ስኮፕ የምለው ሩቅ ያለ ወፍ አጉልቶ የሚያሳየውን ባለ አንድ ዓይን መነጽር ነው፣ ትራይፖድ ደግሞ እሱ የሚሰካበት ባለ ሦስት እግር መቆሚያ። ባለፈው ጥቅምት 14,500 ብር የገዛሁት ትራይፖድ ሁለት ወር እንኳ በቅጡ አላገለገለኝም። ሻጩ ዛሬም ያንኑ ዕቃ እየሸጠ ነው። እንደ እኔ እንዳትሸወዱ ብዬ ነው የምጽፈው።

አሮጌው ትራይፖዴ ስምንት ዓመት አብሮኝ ዞሯል። ከባሌ ስንመለስ ከመኪናው ጣሪያ ላይ ሻንጣ ወደቀበትና አንዱ እግሩ መሃል ላይ ታጠፈ። ብየዳ ቤት ወሰድኩት። ልጁ አገላብጦ አየውና «ባቃናውም ውስጠኛው ቧንቧ ከእንግዲህ አይገባልህም» ብሎ መለሰልኝ። እንግዶቼ በሳምንቱ ሊገቡ ነው። ቸኩያለሁ። የቸኮለ ገዢ ደግሞ ከሩቅ ይታወቃል።

ቴሌግራም ላይ አንድ ማስታወቂያ አየሁ። «ፕሮፌሽናል ካርቦን ፋይበር። 15 ኪሎ ይሸከማል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ80። ዋጋ በውስጥ መስመር።» ዋጋ በውስጥ መስመር የሚባል ነገር ድሮም አልወድም። ግን ጻፍኩለት፣ ሱቁም ሄድኩ። ልጁ ትሁት ነው፣ ቡና ሁሉ አዘዘልኝ። ትራይፖዱ ባዶውን ሲቆም ያምራል። ጥቁር ነው፣ የካርቦኑ ሽመና ይታያል፣ ቀይ ቀለበት አለው። በእጄ ተጫንኩት፤ ንቅንቅ አላለም። «ብራዘር፣ ሰው ቢቀመጥበት ይችላል» አለኝ። ስኮፔን ይዤ አልሄድኩም። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ደረሰኝ ስጠይቀው «በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል» አለኝ፣ ተውኩት። ይህ ደግሞ ሁለተኛው ጥፋቴ።

ጉዱ የወጣው ባቱ፣ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ነው። ጠዋት ደህና ነበር። ፔሊካንና አባ ኮዳ ለማየት እንኳን ትራይፖድ፣ ስኮፕም አያስፈልግም፤ ዓሣ አስጋሪዎቹ አጠገብ ቆመው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። ከሰዓት ላይ እንደ ልማዱ ነፋሱ ተነሳ። ጭቃው ዳር ድንቢጥ የሚያክሉ፣ ስቲንት የሚባሉ የውሃ ዳር ወፎች ይለቅማሉ፤ የአገራቸውን ብርድ ሸሽተው ከሰሜን የሚመጡት ናቸው። ሁለቱን የስቲንት ዓይነቶች ለመለየት አንዱ መንገድ እግር ማየት ነው። የአንደኛው ጥቁር ነው፣ የሌላው ወደ ቢጫ የሚያደላ። እንግዳዬ፣ ከሆላንድ የመጡ ሴትዮ፣ ዓይናቸውን ስኮፑ ላይ አድርገው ቆዩ፣ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው «ወፉ እግር ያለው አይመስለኝም» አሉኝ። ሳቅን። እኔ ግን ውስጤ አልሳቀም። ስኮፑ እንደ ወባ በሽተኛ ነበር የሚንቀጠቀጠው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስኮፕ በ60 እጥፍ ሲያጎላ ወፉን ብቻ አይደለም የሚያጎላው፣ መንቀጥቀጡንም በ60 እጥፍ ነው። ትራይፖዱ በዓይን በማይታይ መጠን፣ የአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ ያህል ቢወዛወዝ፣ ዓይናችሁ የሚያየው የ6 ዲግሪ ውዝዋዜ ነው። በዚያ ማጉላት አንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የሚታየን ክብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስፋቱ 20 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ወፉ ክቡ ውስጥ ይጨፍራል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይወጣል። ለሰርግ ፎቶ «ጥሩ ነው» የተባለ መቆሚያ እዚህ ላይ ዋጋ የለውም።

«15 ኪሎ» የሚለው ቁጥርስ? ይህን ቁጥር ሁሉም አምራች የሚለካበት አንድ ወጥ መስፈርት የለም። እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ለክቶ፣ ወይም እንደ መሰለው፣ ካርቶኑ ላይ ይጽፋል። ቢበዛ የሚነግራችሁ ዕቃው ሳይሰበር ስንት ኪሎ እንደሚችል ነው። የእኔ ስኮፕ 2 ኪሎ አይሞላም፤ ክብደት ኖሮ አያውቅም ችግሩ። መርጋት ሌላ ነገር ነው። እሱን የሚወስኑት የእግሩ ውፍረት፣ እግሮቹ ላይኛው አካል ላይ የሚጋጠሙበት ቦታና ጭንቅላቱ፣ ማለትም ስኮፑ የሚሰካበት ተንቀሳቃሽ ክፍል፣ ናቸው። የእኔው እግር አራት ቦታ የሚተጣጠፍ ነው። ሲታጠፍ ቦርሳ ውስጥ መግባቱ ደስ ይላል፤ ሲዘረጋ ግን የታችኛው ቧንቧ ጣቴን አያክልም። እግሮቹ የሚጋጠሙበት ቦታ ፕላስቲክ ነው። «1 ሜትር ከ80» የተባለውም መሃሉ ላይ ያለውን ዘንግ እስከ ጫፉ ስበን ነው። ያ ዘንግ በተሳበ ቁጥር ስኮፑ በሦስት እግር ሳይሆን በአንድ እንጨት ጫፍ ላይ እንደ ቆመ ነው። ሳትስቡት ስንት እንደሚረዝም ጠይቁ። የእኔው 1 ሜትር ከ40 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከላይ አጎንብሳችሁ የምታዩበት ስኮፕ ከሆነ ይበቃ ይሆናል፤ ለቀጥተኛው አይበቃም።

ካርቦኑንም ልንገራችሁ። እውነተኛ ካርቦን ፋይበር ከአሉሚኒየም ይቀላል፣ መንቀጥቀጥንም ቶሎ ያበርዳል፤ ውድ የሆነው ለዚህ ነው። የእኔው ከባቱ ፀሐይ በኋላ መቆለፊያው አጠገብ ጠርዙ ተነሳ። በጥፍሬ ሳብ ሳደርገው እንደ ደብተር ልባስ ተላጠ። ከሥሩ የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም! ሽመናው ተለጣፊ ነበር። በማግኔት እንፈትሽ እንዳትሉ፤ አሉሚኒየምም ካርቦንም ማግኔት አይስቡም። ይልቅ የእግሩን ጫፍ ላስቲክ አውጡና የቧንቧውን ውስጥ እዩ። ብር መሳይ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። ጠዋት በብርድ ስትይዙትም አሉሚኒየም እጅ ያቀዘቅዛል። አሉሚኒየም መሆኑ በራሱ ነውር አልነበረም፣ አሮጌው ትራይፖዴም እሱ ነበር። ነውሩ በካርቦን ዋጋ መሸጡ ነው።

ጭንቅላቱ ደግሞ ኳስ ያለው ዓይነት ነው፤ ፎቶ አንሺዎች የሚወዱት። ለስኮፕ አይሆንም። ስታላሉት ስኮፑ አፍንጫውን ይደፋል፣ ስታጠብቁት ወፍ መከተል አይቻልም። አንድ ቀን ገፈርሳ ላይ ሰማያዊ ክንፍ ያለውን ዝይ ላሳይ ስል ስኮፑ በብሎኑ ዙሪያ ዞረ፣ ከዚያ ስኮፑን ከጭንቅላቱ ጋር የሚያያይዘው ፕሌት ተንሸራተተ። ደረቴ ላይ ባይወድቅ ኖሮ ሌንሱን በድንጋይ አጥቼው ነበር። ትርፍ ፕሌት ፈለግሁ፤ ለዚህ ስም ለሌለው ዕቃ የሚገጥም የለም።

ሱቁ ተመለስኩ። ቡና አልታዘዘም። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ ደሞ ስኮፕ ነው አላልከኝም» አለኝ። ብዬው ነበር። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ግን ደረሰኝ የለኝም። በምን አፌ? ጥቂት ብር አተርፋለሁ ብዬ የያዝኩትን መብት ለቀቅኩ።

አሁን የምጠቀመው ፒያሳ ስቱዲዮ የነበራቸው አንድ ጋሼ የሸጡልኝን የድሮ የቪዲዮ ትራይፖድ ነው። 20 ዓመት ሰርግ ቀርጸውበታል። «አሁንማ ሁሉም በጊምባል ነው የሚቀርጸው፣ ይሄን ማን ይሸከማል» አሉኝ፤ ጊምባል በእጅ ተይዞ ካሜራውን የሚያረጋው መያዣ ነው። 8,000 ብር ሰጠኋቸው። ወደ 5 ኪሎ ይከብዳል፤ ባሌ ሳነቴ ላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ተሸክሜው ስሄድ ትንፋሽ ያሳጥረኛል። ግን የቪዲዮ ጭንቅላት አለው። በአንድ እጀታ ወደ ጎንም ወደ ላይም በዝግታ ይሄዳል፣ ሲለቁት ባለበት ይቆማል። ፕሌቱ ረጅም ስለሆነ ስኮፑን ወደፊትና ወደኋላ እያንሸራተቱ ማመዛዘን ይቻላል። ቀይ ቀበሮ ሩቅ ላይ ተጋድሞ አሥር ሰው ተሰልፎ ሲያየው አልተነቃነቀም።

ጋሼ ቤት ከመክፈሌ በፊት ያደረግሁትን እናንተም አድርጉት። ስኮፑን ይዤ ሄድኩ። እግሮቹን ሁሉ ዘርግቼ ሰካሁት፣ ማጉያውን እስከ 60 አዞርኩና ከመንገዱ ማዶ ያለ ታፔላ ላይ ያሉትን ትንንሽ ፊደላት አነጣጠርኩ። ከዚያ አንዱን እግር በጣቴ መታ አደረግሁት። ፊደላቱ ከሁለት ሰከንድ በፊት ረጉ። የሱቁን ትራይፖድ ቤት ስሞክረው እስከ ስድስት ቆጥሬ ነበር። ሻጩ ይህን አላስሞክርም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። ነፋስ ሲኖር መሃል ላይ ቦርሳ ማንጠልጠል ይረዳል የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ቦርሳው መሬት ከነካ። ከተንጠለጠለ እሱ ራሱ ይወዛወዝና ያባብሰዋል።

የቴሌግራም ቻናሉ ባለፈው ሳምንት ስሙን ቀይሯል። ፎቶው ግን ያው ነው፣ ቀይ ቀለበቱም አለ፣ አሁን «20 ኪሎ ይሸከማል» ይላል። የእኔውን እህቴ ወስዳዋለች። ስልኳን ሰክታ ቲክቶክ ትቀርጽበታለች፤ ለእሱ እንኳ ምንም አይልም።