«ዛሬ ምንም አልሸጥልሽም» ላሉኝ ሴት

ዛሬ ነገ ስል የቆየሁትን ምስጋና ዛሬ ልወጣው። ሰው ሁሉ ፊቴን እያየ «ምን ተቀብተሽ ነው?» ስለሚለኝ፣ ለእያንዳንዱ ከምመልስ አንዴ ጽፌው ልገላገል። መጀመሪያ ፈጣሪ፣ ቀጥሎ ሾላ አካባቢ አንዲት ጠባብ ሱቅ ያላቸው ሴት ይመስገኑልኝ።

ደንበኞቻቸው በሙሉ «እትዬ» ነው የሚሏቸው። ዕድሜያቸውን ፋርማሲ ውስጥ ሲሰሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። አሁን ሳሙና፣ የፊትና የከንፈር ቅባት፣ የጸጉር ዘይት በእጃቸው እየሰሩ ይሸጣሉ። ከሜካፑም ጥቂት ጥቂት አላቸው። ስማቸውን እዚህ እንዳልጽፍ ስላስማሉኝ እኔም እትዬ ብቻ እላቸዋለሁ።

እሳቸው ጋ ከመድረሴ በፊት ያየሁትን አሳር ካልነገርኳችሁ ግን ምስጋናዬ አይገባችሁም።

ነገሩ የመጣው በታናሽ እህቴ ሰርግ ነው። ሰርጉ ጥር ላይ፣ የሚዜዎቹ ሩጫ ደግሞ ከኅዳር ጀምሮ። ፊት ማስጠረግ፣ ፊት ማጥራት፣ ምኑ ቅጡ። እኔንም አንድ የውበት ሳሎን ይዘውኝ ሄዱ። ስሙ ይቅር። ልጅቷ ፊቴን በወጉ እንኳን ሳታይ ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ብልቃጥ አወጣችና «ይሄ ናቹራል ነው፣ እኛው ነን የምንቀላቅለው» አለችኝ። ምን ምን አለበት ስላት ሳቀች። «የቤቱ ሚስጥር ነው» አለች።

እውነት ለመናገር ሲጀመር ጉድ ነበር። በሰርጉ ፎቶ ላይ ከሙሽራዋ በላይ የማበራው እኔ ነኝ፤ እህቴ እስከ ዛሬ ትቀየመኛለች። ብልቃጡ ሲያልቅ ነው መዓቱ የወረደው። ፊቴ ቀላ። አቃጠለኝ። ሽፍ አለብኝ። ተመልሼ ስሄድ «አየሽ፣ ስላቆምሽው እኮ ነው» ብላ ሌላ ሸጠችልኝ፣ ዋጋውን ጨምራ። ስቀባው ጭጭ ይላል፣ ስተወው ይብስበታል። እንዲህ እያልኩ ስንት ብር እንዳፈሰስኩ እኔና ደብተሬ ነን የምናውቀው። ቆይቶ ጉንጬ ላይ ቀያይ ቀጫጭን የደም ስሮች ይታዩ ጀመር። ጸጉርም በቀለብኝ፣ ጉንጭ ላይ! በመጨረሻ ባለቤቷ ራሷ ወጥታ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ያንቺ ቆዳ ነው ችግሩ፣ እኛ ጋ እንዲህ የሆነ ሰው አይተን አናውቅም።» ያውም ሰው ፊት፣ ጸጉሯን የምትሰራው ሁሉ ዞራ እስክታየኝ።

ከዚያ ደግሞ በስልክ የሚሸጡት መጡ። «መቶ ፐርሰንት የተፈጥሮ፣ እርድና ሎሚ፣ በሳምንት ለውጥ» የሚል ነገር አዘዝኩ። ተቀብቼው ፀሐይ ላይ ወጣሁና ፊቴ እንደ ተቀቀለ ድንች ይላጥ ጀመር። ፎቶ ላኩላቸው። «ቆሻሻው እየወጣልሽ ነው፣ እንዳታቋርጪ» አሉኝ። ደግሜ ስጽፍ ብሎክ ተደርጌያለሁ።

ሥራዬ ደግሞ ባንክ ነው፣ መስኮት ላይ። ቀኑን ሙሉ ሰው ያየኛል። ማስክ አድርጌ ብውልም ግንባሬን በምን ልሸፍነው? አንዱ ደንበኛ «ጠበል ግቢ» ይለኛል፣ ሌላዋ «ምች ነው» ትለኛለች። ጡረታቸውን ሊወስዱ የሚመጡ አንዲት እናትማ በሚቀጥለው ወር ዳማከሴ በፌስታል ይዘውልኝ መጡ። ከደብተራቸው ጋር በመስኮቱ ስር አሾልከው ሰጡኝ። ሰው መቼም ደግ ነው። እዚያው እንባዬ መጣ።

እትዬን የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ደሞዝ በወጣ ማግስት ብሬን ቋጥሬ ሄድኩ። ሐሳቤ ያለኝን ሁሉ ጥዬ በአንድ ቀን ጠቅልዬ ወደ ተፈጥሮ መግባት ነበር። «ሁሉንም ስጡኝ፣ ሳሙናውንም፣ ቅባቱንም፣ ሜካፑንም» አልኳቸው። ሌላ ሻጭ ቢሆን ደስታውን አስቡት።

እሳቸው ወንበር ሳቡልኝ። «ቁጭ በይ ልጄ። እስኪ በቦርሳሽ የያዝሽውን አውጪ» አሉኝ። ባንኮኒው ላይ ዘረገፍኩት። መነጽራቸውን አጠለቁና አንድ በአንድ እያነሱ የጀርባውን ጽሁፍ ማንበብ ያዙ። ፋውንዴሽኑን አነበቡ፣ ወደ ግራ አስቀመጡት። ሊፕስቲኩንም እንደዚያው። ማስካራውን አንስተው «መቼ ነው የከፈትሽው?» አሉ። ዝም ስል ቅርጫት ውስጥ ወረወሩት። ማስካራ ከተከፈተ ሦስት ወር ካለፈው ዓይን አጠገብ አይደርስም አሉኝ። ነጩ ብልቃጥ ጋ ሲደርሱ አገላበጡት። የሚነበብ የለም። ከፍተው አሸተቱት። ከዚያ አገጬን ይዘው ወደ በሩ ብርሃን አዞሩኝና ጉንጬን ትክ ብለው አዩት።

«ስትተዪው ይቀላል? ያቃጥልሻል?»

«አዎ።»

«ስትቀቢው ይተውሻል?»

«አዎ እትዬ።»

ክዳኑን መልሰው ገጠሙት። እኔ ቀድሜ የመረጥኳቸውን የራሳቸውን ዕቃዎች ደግሞ አንድ በአንድ ወደ መደርደሪያው መለሱ። «ዛሬ ምንም አልሸጥልሽም» አሉኝ። «ይሄ የኔ ሳይሆን የሐኪም ሥራ ነው። ነገ በጠዋት አለርት ሂጂ፣ ቆዳ ክፍል። ብልቃጡንም ይዘሽ። ሐኪም ሳያይሽ ደግሞ ከራስሽ ተነስተሽ ቀጥ እንዳታደርጊው።» ብልቃጡን በፌስታል ጠቀለሉልኝ። ለሐኪሙ የምነግረውን በወረቀት ጻፉልኝ፤ መቼ እንደጀመርኩ፣ ስተወው ምን እንደሚያደርገኝ። ሒሳብ ስላቸው ተቆጡ።

እስቲ ንገሩኝ፣ ብር ይዞ የመጣን ሰው ባዶ እጁን የሚሸኝ ነጋዴ በዚህ ዘመን የት ይገኛል?

አለርትን ብዙ ሰው ከሥጋ ደዌ ጋር ብቻ ነው የሚያውቀው። ሲቋቋም ለዚያ ነበር፤ ዛሬ ግን ማንኛውም የቆዳ ችግር ያለበት ሰው ይታከምበታል። ሐኪሟ ብልቃጡንና ወረቀቱን ስታይ ብዙም አልጠየቀችኝም። እንዲህ ባለ ስም የለሽ ድብልቅ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ይገኛል አለችኝ። ቆዳ ያሳሳል፣ ከለመደው በኋላ ድንገት ሲተውት ደግሞ ይብሳል። ቀስ እያልኩ የምተውበትን መንገድ ጻፈችልኝ። የመድኃኒቶቹን ስም አትጠይቁኝ፣ አልያዝኩትም። የኔ ደግሞ ለእናንተ አይሆንም። ለእሷም ምስጋናዬ ብዙ ነው።

ፊቴ ሲረጋጋ በቀጥታ ወደ እትዬ። አሁንም ሁሉንም ልግዛ አልኩ። አሁንም እምቢ አሉኝ። «አምስት ነገር በአንድ ቀን ቀይረሽ ሽፍ ቢልብሽ የትኛው እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ?» ሽታ የሌለው አንድ ትንሽ የፊት ቅባት ሰጥተው ሸኙኝ፣ በቃ። ከጋምቤላ በሚመጣ የሺአ ቅቤ የተሰራ ነው። እሱንም ፊቴን ከመንካቱ በፊት ክንዴ ማጠፊያ ላይ ሳምንት ያህል እንድሞክረው ነገሩኝ። ሳሙናቸውን ልውሰድ ስል «እሱ ለገላ ነው፣ አሁን ለፊትሽ ይከብዳል» አሉኝ። የራሳቸውን ዕቃ እኮ ነው!

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ሁሉ በዝግታ ሆነ። ያለሽን አትጣይ፣ ሲያልቅ ቀይሪ ነው ደንባቸው። ከሜካፑ መጀመሪያ ሊፕስቲኬን አስቀየሩኝ፤ «ከምትቀቢው ሁሉ የምትበዪው እሱን ነው» ብለው። የእሳቸው ሊፕስቲክ ሰምና የጉሎ ዘይት አለበት። ፋውንዴሽኔ ተራው የደረሰው መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ደግሞ ብዙም የማያስፈልገኝ ሆነ።

ብልቃጦቻቸውን ብታዩዋቸው። እያንዳንዱ ላይ በእስክሪብቶ፣ በዚያ በተስተካከለ የፋርማሲ ጽሁፋቸው፣ ምን ምን እንደገባበት፣ የተሰራበት ቀንና የሚጣልበት ቀን ተጽፏል። ውሃ የገባበት ክሬም አይሰሩም፤ ቤት ውስጥ ተሰርቶ ቶሎ ይበላሻል ይላሉ። የፀሐይ መከላከያም አይሰሩም። «እሱ መለኪያ ይፈልጋል፣ ፋርማሲ ሄደሽ ዚንክ ያለበትን ግዢ» ብለው በወረቀት ጻፉልኝ።

የተፈጥሮ ነገር ሻጭ ናቸውና ተፈጥሮን ያመልካሉ እንዳይመስላችሁ። የሎሚውን ታሪክ ስነግራቸው «ሳማም እኮ ተፈጥሮ ነው፣ ፊትሽ ላይ ትቀቢዋለሽ?» አሉኝ። ሎሚ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ጥቁር ምልክትም ይተዋል። ኩልም አይሸጡም። እናቴ ኩሏን የምትወድ ሴት ናትና ይሄ ቤታችን ውስጥ ጭቅጭቅ አስነስቷል። ከገበያ የሚገዛ ኩል ውስጥ እርሳስ (ሌድ የሚሉት መርዛማው ብረት) ሊኖር ይችላል ስላት «እኔ ስኳል ኖሬ ምን ሆንኩ?» አለችኝ። ስለ ለጋ ቅቤዋ ግን እትዬም አልተቃወሟት፤ ለጸጉር እንጂ ለፊት እንዳይሆን ብቻ ነው ያሉት። አሁን ሁለቱ በስልክ ያወራሉ፤ በኔ በኩል መሆኑ ቀርቷል።

አንድ ቀን እዚያው ተቀምጬ አንዲት ልጅ መጣች። ቆንጆ፣ ጠይም፣ ገና ተማሪ ትመስላለች። «የሚያቀላ አላችሁ?» አለች። እትዬ «የሚያቀላ የለኝም፣ የሚያወዛ ነው ያለኝ» አሏት። ልጅቷ ልትወጣ ስትል ጠርተው አስቀመጧትና ስለ ሜርኩሪ ነገሯት። በአንዳንድ ማቅያ ቅባቶች ውስጥ እንደሚገባ፣ ኩላሊት እንደሚጎዳ። በኋላ ራሴም አነበብኩ። ሚናማታ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ከ1 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ እጅ) በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው መዋቢያዎች እ.ኤ.አ. እስከ 2020 ከገበያ እንዲወጡ ተብሎ ነበር። ወጡ ወይ? ባንኮኒ ስር አሁንም አሉ። ስም የሌለው ብልቃጥ የሚሰጣችሁን ሰው ምን አለበት ብላችሁ ጠይቁ፤ ከሳቀ ውጡ። እባካችሁ ውጡ።

እንከን የለሽ ናቸው አልልም። ወሬ ይወዳሉ፤ ለአንድ ቻፒስቲክ ሄዳችሁ የልጆቻቸውን ታሪክ ሰምታችሁ ነው የምትመለሱት። የሊፕስቲክ ቀለም ብዙ ምርጫ የላቸውም። ሜካፓቸውም ቀኑን ሙሉ አይቆይም፣ ምሳ ሰዓት ላይ መደረብ አለበት። ዴሊቨሪ የሚባል ነገር አያውቁም። «ፊትሽን ሳላይ ምን ልላክልሽ?» ይላሉ። ቢሆንም ሂዱ። የተቃጠላችሁ፣ የተታለላችሁ፣ ፊታችሁን በነጠላ ሸፍናችሁ የምትወጡ፣ እባካችሁ ሂዱ። ገና ምንም ያልነካችሁ እህቶቼ ደግሞ ቀድማችሁ ሂዱ።

እትዬ፣ ልጅዎ ይህን እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ። እድሜና ጤና ይስጥልኝ። እጅዎ ይባረክ።

አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለሁላችሁም እመልሳለሁ። ሰኞ ዝግ ነው። ስትሄዱ የምትቀቡትን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ ያለቀውንም ባዶ ብልቃጥ ጭምር፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።