ጂቲ 1030 ልትገዙ ነው? በአንድ ስም የሚሸጡት ካርዶች ሁለት ናቸው

ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝታችሁ ትንሽ ጨዋታ እንዲያጫውት ግራፊክስ ካርድ ልትጨምሩበት ካሰባችሁ፣ በቀላሉ የሚቀርብላችሁ ምርጫ ጂቲ 1030 ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ቀጫጭኖቹ የቢሮ ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላያቸው አነስተኛ ነው፤ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ የኃይል ገመድም አብዛኛውን ጊዜ የላቸውም። ጂቲ 1030 ደግሞ ትንሽ ካርድ ነው፤ የሚፈልገውን ኃይል በሙሉ ከማዘርቦርዱ ስሎት ይወስዳል። እስከዚህ ድረስ ምክሩ ትክክል ነው። ችግሩ በዚህ ስም የሚሸጡት ካርዶች ሁለት ዓይነት መሆናቸውና የአንደኛው የሚሞሪ ፍጥነት ከሌላኛው ሲሶ እምብዛም የማይበልጥ መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው በግንቦት 2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወጣ። ሚሞሪው ጂዲዲአር5 ይባላል፤ ለግራፊክስ ሥራ ተብሎ የተሠራ ነው። በቀጣዩ ዓመት መጋቢት ላይ የቺፑ ባለቤት የሆነው ኤንቪዲያ የተባለው ኩባንያ ያንኑ ስም ሳይቀይር ሁለተኛውን አወጣ። ይሄኛው የተገጠመለት ዲዲአር4 ነው፤ በተራ ኮምፒውተር ራም ላይ የምናውቀው ዓይነት። ሁለቱም 2 ጊጋባይት፣ ሁለቱም 384 ኩዳ ኮር (ስሌቱን የሚሠሩት የቺፑ ክፍሎች)፣ የሁለቱም የሚሞሪ ስፋት 64 ቢት ነው። ስለዚህ ሻጩ «ሁለት ጊጋ ነው» ቢላችሁ አልዋሸም፤ ግን ልዩነቱን የሚያሳይ ምንም ነገር አልነገራችሁም።

ልዩነቱን ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ። የሚሞሪውን ስፋት በቢት ወስዳችሁ በፍጥነቱ ታባዙና ለ8 ታካፍላላችሁ። ጂዲዲአር5ቱ በሴኮንድ 6 ጊጋቢት ስለሚሮጥ 64 ሲባዛ በ6፣ ሲካፈል ለ8፣ በሴኮንድ 48 ጊጋባይት ይሆናል። ዲዲአር4ቱ የሚሮጠው በ2.1 ነው፤ በዚያው ስሌት 16.8 ጊጋባይት። የቺፑም ፍጥነት ቢሆን ዝቅ ተደርጓል፤ የመነሻ ፍጥነቱ ከ1227 ወደ 1151 ሜጋኸርዝ ወርዷል፣ የኃይል ፍጆታውም ከ30 ዋት ወደ 20። እነዚህ ግን ትንንሾቹ ልዩነቶች ናቸው፤ ካርዱን የሚያንቀው 16.8 ነው።

ይህ ቁጥር ምን ያህል አነስተኛ እንደሆነ ለማየት ከራሱ ከኮምፒውተሩ ራም ጋር አስተያዩት። ዲዲአር3 ባለ 1600 የሆነ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ራም በጥንድ ቢሰኩ የሚሰጡት በሴኮንድ 25.6 ጊጋባይት ነው። ዲዲአር4 ባለ 2400 በጥንድ ከሆነ 38.4፤ አንዲት ራም ብቻዋን እንኳን 19.2። በእርግጥ ያንን ሲፒዩውም ይጋራዋል፣ ካርዱ ግን የራሱን ለብቻው ይጠቀማል። ቢሆንም ገንዘብ ተከፍሎበት የተጨመረ ካርድ ሚሞሪው ከአንዲት የኮምፒውተር ራም ሲያንስ ሥራው ላይ የሚሆነው ይታወቃል፦ ቺፑ ለማስላት ዝግጁ ሆኖ ሳለ ዳታ እስኪደርሰው ይጠብቃል። በብዙ ጨዋታዎች የፍሬም ብዛቱ ወደ ግማሽ የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው። ሚሞሪውን በሶፍትዌር ማፍጠንም አያድንም፤ 20 በመቶ ብትጨምሩበት እንኳን የምትደርሱት 20 ጊጋባይት አካባቢ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት እንዲህ አድርጉ። ካርቶኑ ካለ «2 ጂቢ» የሚለውን እለፉትና ከጎኑ የሚሞሪውን ዓይነት ፈልጉ። ከዚያ የሞዴል ቁጥሩን ተመልከቱ። ጊጋባይትና ኤምኤስአይ የሚባሉት አምራቾች ዲዲአር4 የሆነውን በሞዴሉ ስም ውስጥ በላቲኑ ዲ ፊደልና በ4 ቁጥር ያመለክታሉ። ጊጋባይት ጂዲዲአር5ቱ ላይ በ4 ፈንታ 5 ይጽፋል። ካርቶን ከሌለ ካርዱ ጀርባ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ አንሱና በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት። ካርዱን በዓይን አይታችሁ ለመለየት አትሞክሩ፤ የሚሞሪ ቺፖቹ ብዙውን ጊዜ በማቀዝቀዣው ይሸፈናሉ።

ካርዱ ሱቅ ውስጥ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ እንዲታይ ጠይቁ። ዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማናጀርን ከፍቶ ማሳየት በቂ አይደለም፤ ለሁለቱም የሚጽፈው ጂፎርስ ጂቲ 1030 ብሎ ነው። የሚያስፈልጋችሁ ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ነው። ትንሽ ስለሆነ በፍላሽ ይዛችሁት መሄድ ትችላላችሁ። ስትከፍቱት ሚሞሪ ታይፕ የሚለውን መስመርና ባንድዊድዝ የሚለውን (ሚሞሪው በሴኮንድ የሚያስተላልፈው ጊጋባይት ነው) ተመልከቱ፦ 48 አካባቢ ከሆነ ጥሩው ነው፣ 16.8 ከሆነ ዲዲአር4ቱ ነው።

ጂፒዩ-ዚ ስሙ የተቀየረ ፎርጅድ ካርድ ሲያገኝ ከስሙ ፊት «ፌክ» የሚል ምልክት ያደርጋል። ዲዲአር4ቱ ጂቲ 1030 ላይ ግን ምንም ምልክት አታዩም፣ ምክንያቱም ፎርጅድ አይደለም፤ ኤንቪዲያ ራሱ በዚህ ስም ያወጣው ነው። «ቼክ ተደርጎ ኦሪጅናል ሆኗል» የሚለው አነጋገር ስለዚህ እዚህ ላይ አይሠራም። ባንድዊድዙን እዩ።

ፎርጅዱን በተመለከተ በብዛት የሚያጋጥመው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ተብሎ የሚሸጥ አሮጌ ጂቲኤስ 450 ነው። ባዮሱ (ካርዱ ውስጥ ያለው፣ ማንነቱን ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ሶፍትዌር) ስለተቀየረ ስሙ አዲስ ሆኖ ይነበባል። እውነተኛው 1050 ቲአይ 768 ኮርና በሴኮንድ 112 ጊጋባይት አለው፤ ጂቲኤስ 450 ያለው 192 ኮር ነው። ካርዱ ላይ ሰማያዊው የቪጂኤ መሰኪያ ካለ ተጠራጠሩ፤ የእውነተኛው 1050 ቲአይ ቺፕ አናሎግ ምልክት አያወጣም። ሻጩ «ከኤንቪዲያ ድረ ገጽ ድራይቨር አታውርዱ፣ እኔ በሰጠኋችሁ ሲዲ ጫኑ» ካለ ደግሞ ካርዱን አስቀምጡትና ውጡ።

በአንድ ስም ሁለት ካርድ መሸጥ በ1030 አላበቃም። በ2022 የወጣው አርቲኤክስ 3050 ባለ 8 ጊጋባይት 2560 ኮር፣ 128 ቢትና በሴኮንድ 224 ጊጋባይት አለው። በ2024 የመጣው ባለ 6 ጊጋባይቱ 2304 ኮር፣ 96 ቢትና 168 ጊጋባይት ነው። ማስታወቂያ ላይ 3050 ብቻ ተብሎ ከተጻፈ የትኛው እንደሆነ ሳይነግሯችሁ ዋጋ አትነጋገሩ። በእርግጥ ባለ 6ቱ 70 ዋት ብቻ ስለሚወስድ ከአነስተኛ ፓወር ሰፕላይ ጋር ይስማማል፤ ለዚያ ዓላማና በራሱ ዋጋ ከተገዛ የሚያስነቅፍ ካርድ አይደለም። የሚያስከፋው በባለ 8ቱ ዋጋ ሲሸጥ ነው።

ዲዲአር4ቱ ጂቲ 1030ም ጭራሽ የማይረባ አይደለም። ለጽሕፈት፣ ለኤክሴል፣ ለዩቲዩብ፣ ሁለት ስክሪን ለማገናኘት ይበቃል። ለዚህ ከፈለጋችሁትና ዋጋው በግልጽ ከሌላው ዝቅ ያለ ከሆነ ግዙ። ለጨዋታ ከሆነ ተዉት። ስክሪን እየቀረጹ ቪዲዮ ለማዘጋጀት ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም ተዉ፤ ጂቲ 1030 በየትኛውም ዓይነቱ የኤንቪዲያ የቪዲዮ መቅረጫ ክፍል ስለሌለው ጫናው በሙሉ ሲፒዩው ላይ ይወድቃል።

ቀድሞ የገዛችሁና ቁጥሩ 16.8 የመጣባችሁ፣ የጂፒዩ-ዚውን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ ከደረሰኙና ከካርቶኑ ጋር ወደ ሱቁ ይዛችሁት ሂዱ፤ የመመለሻ ቀን ሳያልፍ። መመለስ ካልተቻለ የጨዋታውን ሪዞሉሽን ወደ 1280 በ720 ዝቅ አድርጉ፣ የምስሉን ጠርዞች የሚያለሰልሰውን አንቲ-አሊያሲንግን አጥፉ። ሚሞሪውን በብዛት የሚያጨናንቁት እነዚህ ናቸው። ለመሸጥ ስታወጡትም ማስታወቂያው ላይ ዲዲአር4 መሆኑን ጻፉ።